በስፌት መካከል ክር ስለ መቀጠል

የቁርበት ስፌት ጥንካሬው የሚታወቀው ክሩ ባለቀበት ስፍራ ነው። ክሩ ረጅም ሳለ ማንም ይሰፋል፤ በመካከል ባለቀ ጊዜ ግን የሠለጠነው እጅ ካልሠለጠነው ይለያል።

በደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ያሠሩባት ስፍራ ናት፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም ከዚያ ወጥቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ስሟ የገነነው በመድፍ ነው፤ የገበሬው እህል ግን በስልቻ፣ የተማሪው ዳዊት በማኅደር ሲጠበቅ ኖሯል። ይህም የወስፌና የጅማት ሥራ ነው።

የጅማት ክር የሚገኘው ከበሬ ጀርባ ነው። ጅማቱ ደርቆ፣ ተቀጥቅጦ፣ ተሰንጥቆ፣ ረጥቦ ይከረራል። ርዝመቱ ከእንስሳው ጀርባ ስለማያልፍ በጅማት ለሚሰፋ ሰው መቀጠል ግድ ነው።

ብዙዎች ያለቀውን ክር ከአዲሱ ጋር ይቋጥሩታል። ይህ ስሕተት ነው። ቋጠሮ ጎልቶ ስለሚወጣ ሲታሽ ፈጥኖ ያልቃል፤ በኃይል በተሳበ ጊዜም ይፈታል፣ ወይም ቀዳዳውን አስፍቶ ያልፋል። እኔም በተማሪነቴ የዳዊቴን ማኅደር በቋጠሮ ቀጥዬ ነበር። ወንዝ ስሻገር ቋጠሮው ተፈታ፤ መጽሐፉም ከውኃ ወደቀ።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ክሩ አንድ ስንዝር ያህል ሲቀር ስፌቱ ይቁም፤ ጫፉም በሁለቱ ቁርበቶች መካከል ይውጣ። አዲሱ ክር አሮጌው ከቆመበት አይጀምር፤ ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ጫፍ በቁርበቶቹ መካከል አስቀርቶ፣ በአሮጌው ስፌት ላይ በዚያው ቀዳዳ ይለፍ፤ ከዚያም ወደ ፊት ይቀጥል። የአሮጌው ክር ጫፍ በስፌቱ መሥመር ይጋደም፤ የሚከተለው ስፌት ያጠብቀዋልና። በሦስቱ ቀዳዳዎች ሁለት ክር አብሮ ስለሚያልፍ ቁርበቱ ራሱ ጨምቆ ይይዛቸዋል።

የሚጠበቁት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ በአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች መካከል አዲስ ቀዳዳ አይበሳ፤ ቁርበቱ በዚያ መሥመር ይቀደዳልና።

2ኛ፤ ወስፌው ቀዳዳውን በቀስታ ያስፋ እንጂ አሮጌውን ክር አይውጋ፤ የተወጋ ክር ይሰነጠቃል።

3ኛ፤ በሁለት መርፌ የሚሰፋ ሰው ሁለቱንም ጫፍ በአንድ ቀዳዳ አይቀጥል፤ አንዱን አስቀድሞ ሌላውን አዘግይቶ ይቀጥል።

4ኛ፤ መቀጠያው በማዕዘን ወይም በማንገቻው ሥር አይዋል፤ ሸክሙ የሚያርፈው በዚያ ነው። ስለዚህ ክሩ አስቀድሞ ይለካ። በሁለት መርፌ ስስ ቁርበት ለሚሰፋ ሰው ከስፌቱ ርዝመት 4 እጥፍ ያህል ይበቃል። የጥጥ ክር ከሆነ ሰም ይቀባ።

መምህራን ሆይ፤ እያንዳንዱ ልጅ በቁራጭ ቁርበት ላይ ሁለት ጊዜ ይቀጥል፤ ቁራጩንም አርጥቦና አድርቆ በሁለት እጁ ይሳበው። የተለቀቀው ተፈትቶ እንደገና ይሰፋ።

ሽማግሎችም ቁርበት ሠሪውን በሙያው የሚሰድበውን ይገሥጹ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ሠሪው ከተናቀ ልጁ ሙያውን ይሸሻል፤ ክሩም በእኛ ዘመን ይበጠሳል። ልጆቻችን ወደ ፊት ከመሄዳቸው አስቀድሞ ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሰው የአባቶቻቸውን ስፌት ይያዙ።