ጥብስ የሚያስከለክል መዥገር

እ.ኤ.አ. በ2007 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው የአለርጂ ሊቅ ፕሮፌሰር ቶማስ ፕላትስ-ሚልስ በብሉ ሪጅ ተራሮች ሲዘዋወሩ እግራቸውን መዥገር ወረረው። ከጥቂት ወራት በኋላ ለንደን ውስጥ እራታቸውን የበግ ሥጋ በልተው ተኙ። እኩለ ሌሊት ላይ ሰውነታቸው በሽፍታ ተሞልቶ፣ እያሳከካቸው ነቁ። ሌላ ሰው ቢሆን ግራ ይጋባ ነበር። እሳቸው ግን ሲያጠኑት የነበረው ነገር በራሳቸው ላይ እንደደረሰ ወዲያው ገባቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበሬ፣ በበግ፣ በፍየልና በአሳማ ሥጋ ውስጥ አልፋ-ጋል የሚባል የስኳር ዓይነት አለ፤ በሰው አካል ውስጥ ግን የለም። “ሎን ስታር” የምትባለው፣ ሴቷ በጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ ያለባት መዥገር ስትነክስ ምራቋ ሰውነትን በዚህ ስኳር ላይ ሊያስቆጣው ይችላል። የተነከሰ ሁሉ አይታመምም። የታመመው ግን ሥጋ በበላ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ያሳክከዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ሲብስም ትንፋሽ ያጥረዋል። ማታ ክትፎ በልቶ ሌሊት የታመመ ሰው በርበሬውን ወይም ምግብ ቤቱን ይከሳል እንጂ ከወራት በፊት የነከሰችውን መዥገር ማን ያስታውሳል? ዶሮና ዓሣ አልፋ-ጋል የላቸውም። ዶሮ ወጥ ግን ያለ ንጥር ቅቤ አይሠራም፤ አንዳንድ ሕመምተኛ ደግሞ ቅቤና ወተትም አይስማማውም። በጾም ደህና ሰንብቶ በፍስክ የሚታመም ሰው ይህን ቢጠረጥር አያስገርምም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ሌላም አለች፦ የላይም በሽታን የምታስተላልፈው ጥቁር እግር መዥገር። አገር ቤት የሚታወቀው መዥገር በላም ጡት ላይ ደም ጠጥቶ ያበጠው ነው። የዚችኛዋ ጨቅላ ግን ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፤ በጸደይ መጨረሻና በበጋው መጀመሪያ ብዙ ሰው የምታስይዘውም እሷ ናት። በአሜሪካ በየዓመቱ 476,000 ያህል ሰዎች ለላይም እንደሚታከሙ ይገመታል። የበሽታውን ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው ዊሊ በርግዶርፈር፣ ከዚያ በፊት የኢትዮጵያን መዥገሮች ካጠኑት ተመራማሪዎች አንዱ ነበር።

የላይም ዋና ምልክት ከተነከሱበት ቦታ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ነው። ይህ ክብ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ደብዝዞ ወይም እንደ በለዘ ቆዳ ሆኖ ሊታይ ስለሚችል በቀላሉ ያመልጣል። የሕክምና መጻሕፍት ሥዕሎች ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ነጭ ቆዳ ሲያሳዩ መኖራቸውም ችግሩን አብሶታል።

መዥገር አትበርም፣ አትዘልም። ሣር ወይም ቅጠል ጫፍ ላይ ወጥታ የፊት እግሮቿን ዘርግታ አላፊውን ትጠብቃለች። ስለዚህ መንገድ ዳር ካለው ረጅም ሣር ይልቅ መሐል መንገዱን መያዝ፣ ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተት፣ ነጣ ያለ ልብስ መልበስ ብዙ ይረዳል። ዲት ወይም ፒካሪዲን ያለበት መከላከያ ቆዳ ላይ ይቀባል። ፐርሜትሪን ግን ለልብስና ለጫማ እንጂ ለገላ አይደለም፤ እርጥብ ሳለም ለድመት መርዝ ነው። በጓሮው ጎመን የሚኮተኩተውም ሰው ቢሆን ቤት ሲገባ ልብሱን ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ለ10 ደቂቃ ያሽከርክር፤ በ2 ሰዓት ውስጥም ገላውን ይታጠብ። ብብት፣ ብሽሽት፣ እምብርት፣ ከጆሮ ኋላ፣ ከጉልበት ኋላና የፀጉር ሥር በደንብ መታየት አለባቸው። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ራስ ላይ ጊዜ ወስዶ መፈተሽ ይገባል።

ተጣብቃ ከተገኘችም መደንገጥ አያስፈልግም፤ የላይም ተሕዋስ ወደ ሰው ለመተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ቅቤ መቀባት፣ ጋዝ ማፍሰስ፣ በክብሪት መለብለብ ይቅር፤ ምራቋን ይበልጥ እንድትተፋ ያደርጋታልና። ጫፉ በቀጠነ ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርጎ መሳብ፣ ቦታውን በሳሙና መታጠብ፣ ቀኑንም መጻፍ ነው። በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ወይም ሽፍታ ከመጣ ሐኪሙ መነከሱን መስማት አለበት፤ ላይም በጊዜው ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል። ከሥጋ በኋላ ሌሊት ሌሊት የሚያሳክከው ሰው ደግሞ የአልፋ-ጋል የደም ምርመራ በስሙ ጠርቶ ይጠይቅ፤ ሐኪሙ ራሱ ሰምቶት ላያውቅ ይችላል።