ጎጆው በሻላ፣ ማዕዱ በአብያታ፦ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የምንማረው

ለሰበካ ጉባኤያት፣ ለአጥቢያ የልማት ኮሚቴዎችና ለካህናት የተዘጋጀ ትምህርት

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ፣ በመቂና ቀድሞ ዝዋይ ትባል በነበረችው በባቱ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚጓዝ መንገደኛ የቡልቡላን ከተማ ካለፈ በኋላ በስተግራው የላንጋኖን ቡናማ ውኃ ያያል፤ በስተቀኙ ደግሞ ከግራሩ ማዶ አብያታና ሻላ ይገኛሉ። ሁለቱን ሐይቆች የሚለያያቸው ጠባብ ኮረብታማ መሬት ብቻ ነው። በባሕርያቸው ግን እጅግ ይራራቃሉ። ሻላ ከ260 ሜትር በላይ የሚጠልቅ፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ጥልቁ ሐይቅ ነው። አብያታ በሞላበት ዘመን እንኳ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር አይበልጥም።

በእነዚህ ሁለት ሐይቆች መካከል ሲመላለስ የኖረ አንድ ወፍ አለ፤ እርሱም ነጩ ፔሊካን ነው። በዚህ ትምህርት የዚህን ወፍ ኑሮ እየተከተልን፣ ውኃ ከላይኛው ምድር ሲጓደል በታችኛው ምድር ምን እንደሚደርስ እንመለከታለን። ፍጻሜውም ከየአጥቢያችን ደጃፍ የራቀ አይደለም።

1. ወፉና ሁለቱ ሐይቆች

ነጩ ፔሊካን ከታላላቅ የውኃ አዕዋፍ አንዱ ነው። ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 3 ሜትር ይደርሳል። ከረጅም ምንቃሩ ሥር የሚለጠጥ የቆዳ ከረጢት አለው። ብዙዎች ይህን ከረጢት ዓሣ የሚያከማችበት ጎተራ አድርገው ይገምቱታል። በእውነቱ ግን መረብ ነው፤ ወፉ ዓሣውን ከነውኃው ይጠልፍበታል፤ ከዚያም ውኃውን አፍስሶ ዓሣውን ይውጣል።

አጠማመዱም የሚደነቅ ነው። ፔሊካኖች እንደ ደቦ ተሰብስበው በግማሽ ክብ ይሰለፋሉ፤ ውኃውን በክንፋቸውና በእግራቸው እየመቱ ዓሣውን ወደ ዳር ይነዳሉ፤ በአንድነትም ምንቃራቸውን ይነክራሉ። ነጩ ፔሊካን ጠልቆ ስለማይዋኝ ይህ ሥራ የሚሳካለት ዓሣ በበዛበትና ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው። አብያታ እንዲህ ያለ ሐይቅ ነበር፤ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ይረባበት ነበርና።

እንቁላል ለመጣል ግን አብያታ አይመችም። ፔሊካን ጎጆውን የሚሠራው በመሬት ላይ ነው። ጅብና ቀበሮ በሚደርሱበት፣ ከብትና ሰው በሚመላለሱበት ዳርቻ እንቁላሉም ጫጩቱም አይተርፍም። ስለዚህ በጥልቅ ውኃ የተከበቡትን የሻላን ደሴቶች መረጠ። በእነዚህ ደሴቶች በሺህ የሚቆጠሩ ፔሊካኖች ይራቡ ስለነበር ስፍራው በአፍሪካ ከታወቁት የፔሊካን መራቢያዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ሆኖም በሻላ ጨዋማ ውኃ ዓሣ የለም ለማለት ይቻላል። ወላጆቹ በየዕለቱ ረፋድ ላይ ፀሐይ ምድሩን አሙቃ አየሩ ወደ ላይ መነሣት ሲጀምር፣ በዚያ አየር ላይ ተንሳፍፈው ኮረብታውን ይሻገራሉ፤ ከአብያታ ዓሣ ለቅመውም ለጫጩቶቻቸው ይመለሳሉ።

እንግዲህ የዚህ ወፍ ጎጆው በሻላ፣ ማዕዱ በአብያታ ነበር። ደሴቱን ብቻ ጠብቆ ሐይቁን የሚተው ሰው ወፉን አልጠበቀውም ማለት ነው።

2. የአብያታ ውኃ ከየት ይመጣል?

አብያታ ብቻውን የቆመ ሐይቅ አይደለም። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች፣ የቀጣር ወንዝ ከአርሲ ተራሮች ወርደው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። ከዝዋይ የተረፈው ውኃ በቡልቡላ ወንዝ አድርጎ ወደ አብያታ ይፈስሳል። ላንጋኖም የራሱን ትርፍ በሆራ ቀሎ በኩል ለአብያታ ይሰጣል። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አብያታ የሚኖረው ከሌሎች በተረፈ ውኃ መሆኑን ነው። ላይኛው ሲጠግብ ይጠግባል፤ ላይኛው ሲጎድልበት ግን አስቀድሞ የሚራበው እርሱ ነው።

አብያታ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ውኃው የሚቀንሰው በፀሐይ ሙቀት ተንኖ ነው። በምድጃ ላይ የተጣደ ድስት ውኃው ሲተን ጨው ከታች እንደሚቀር፣ በሐይቁም የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨውና ሶዳው ይቀራል። አዲስ ውኃ በበቂ እስከገባ ድረስ ሚዛኑ ይጠበቃል፤ የሚገባው ሲያንስ ግን ሐይቁ ይኮማተራል፣ ጨውነቱም ይከብዳል። ዳርቻው ሜዳማ ስለሆነም የውኃው ከፍታ በጥቂት ሜትር ሲወርድ ዳሩ ብዙ ርቀት ይሸሻል።

በጥንት ዘመን፣ ዝናም ከዛሬው ይበልጥ በነበረበት ጊዜ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ትርፉም በሰሜን በኩል ወደ አዋሽ ይፈስስ እንደነበር የምድርን ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። የዛሬዎቹ አራት ሐይቆች የዚያ ቅሪቶች ናቸው።

3. ማዕዱ እንዴት ተነሣ?

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በአብያታ ዳር የሶዳ አሽ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ሶዳ አሽ ለብርጭቆና ለሳሙና ሥራ የሚያገለግል ማዕድን ነው። የሚመረተውም የሐይቁን ውኃ በፓምፕ ስቦ በሰፋፊ ኩሬዎች ላይ በማስተኛትና ፀሐይ እንድታደርቀው በማድረግ ነው። በዚያው ዘመንና ከዚያም በኋላ በመቂ፣ በባቱና በቡልቡላ ዙሪያ የመስኖ እርሻ ተስፋፋ። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ በፓምፕ፣ የአበባ እርሻውም በየፊናው ከዝዋይ ሐይቅና ከወንዞቹ ውኃ መቅዳት ያዘ። የድርቅ ዓመታትም ተጨመሩበት። በበጋ ወራት የቡልቡላ ወንዝ እጅግ እየቀጠነ መጣ።

የአብያታ ውኃ ከዓመት ዓመት ከፍና ዝቅ ቢልም በ1960ዎቹ ከነበረው ስፋት ከግማሽ በላይ የቀነሰባቸው ዓመታት ታይተዋል። ቀድሞ ውኃ በነበረበት ስፍራ ነጭ የሶዳ ሜዳ ተዘረጋ። ጨውነቱ ሲከብድ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖች ምግባቸውን ፍለጋ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ለመብረር ተገደዱ። ሩቅ የሚሄድ ወላጅ ጫጩቱን አዘውትሮ ሊመግብ አይችልም። የሻላ መንጎችም ተመናመኑ። ዛሬ በባቱ ዓሣ አስጋሪዎች ዓሣ በሚያጸዱበት ዳርቻ ከአባ ኮዳ ጋር እየተጋፉ የሆድ ዕቃ የሚለቅሙትን ፔሊካኖች የሚያይ ሰው እንደ መልካም ትርኢት ፎቶ ያነሣቸዋል። የእነዚህ አዕዋፍ ወገኖች ግን ቀድሞ በገዛ ማጥመጃቸው በአብያታ ይመገቡ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ብቻውን በደለኛ የሚባል የለም። ገበሬው ልጆቹን ሊያሳድግ ቀዳ፤ ፋብሪካው ለአገር የሚያስፈልግ ምርት ሊያቀርብ ቀዳ። እያንዳንዱ የወሰደው ለብቻው ሲታይ ጥቂት መሰለ። ድምሩን የሚቆጥር ግን አልነበረም።

4. የሚያሳስት ውበት

ዓሣው ካለቀ በኋላም አብያታ ባዶ አልቀረም። ፍላሚንጎዎች በዳርቻው እንደ ሮዝ ምንጣፍ ተዘርግተው ይታያሉ። ፍላሚንጎ የሚበላው በሶዳማ ውኃ የሚበቅሉ ረቂቃን አልጌዎችንና በዚያው የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳትን ነው። ሮዝ ቀለሙም የሚገኘው ከዚሁ ምግቡ ነው። ስለዚህ ለፔሊካኑ ረኃብ የሆነው ጨውነት ለፍላሚንጎው እስከ ልኩ ድረስ ማዕድ ሆነለት። ጨውነቱ ከልክ ካለፈ ግን እርሱም ይሰደዳል።

ከዚህ የምንማረው ለማየት ያማረ ሁሉ ጤነኛ አለመሆኑን ነው። በፍላሚንጎ የተሞላውን ሐይቅ ያየ እንግዳ ሁሉ ነገር ደኅና ነው ብሎ ይሄዳል። የጎደለውን የሚያውቅ ግን ቀድሞ ምን እንደነበረ የሚያስታውስ የአካባቢው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የሽማግሌዎች ትዝታ በመዝገብ ሊሰፍር ይገባል።

5. ነገሩ ወደ እኛ ሲደርስ

ዝዋይ ሐይቅ ጨዋማ ያልሆነው ስለሚፈስስ ነው። በቡልቡላ የሚወጣው ውኃ ጨዉን ይዞለት ይሄዳል። ከላይ የሚቀዳው ቢበዛና የሐይቁ ከፍታ ቢወርድ ቡልቡላ ጨርሶ ሊቆም ይችላል። ያን ጊዜ ዝዋይም እንደ አብያታ መውጫ የሌለው ድስት ይሆናል። ዝዋይ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ሐይቅ ስለሆነ ይህ ስጋት እንዲያው የሩቅ ግምት አይደለም። ከዚህ ውኃ የሚጠጣ ሕዝብ፣ ከዚህ ውኃ ዓሣ የሚያገኝ ቤተሰብ አለ። በሐይቁ ደሴቶች ላይ ታቦተ ጽዮን በዮዲት ዘመን ከአክሱም ሸሽታ እንዳረፈችበት የሚተረክለት የደብረ ጽዮን ገዳም አለ፤ በዳርቻው ብዙ ካህናት የሠለጠኑበት ስፍራ አለ። እነዚህ ሁሉ የሐይቁ ጎረቤቶች ናቸው።

የአዳማ አጥቢያዎችም ጉዳዩ አይመለከተንም ሊሉ አይችሉም። የአዳማ ሕዝብ የሚጠጣው የአዋሽ ውኃ ነው። አዋሽም ከማዕከላዊው ደጋ ተነሥቶ በቆቃ ግድብ አልፎ፣ የወንጂን ሸንኮራ አጠጥቶ፣ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። እርሱም እንደ አብያታ የመጨረሻው ተቀባይ ያለው ወንዝ ነው። በአዳማ የተጣለ ቆሻሻና በከንቱ የፈሰሰ ውኃ ከታች የሚጠብቀው ሰውና እንስሳ አለው።

6. ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ?

ሀ. የውኃውን መንገድ ይወቅ። የአጥቢያው ውኃ ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ በአንድ ወረቀት ላይ ይሣል። በላይና በታች ያሉ አጥቢያዎች ስም ይጻፍበት። በጉራጌና በአርሲ ደጋ ያለው አጥቢያ በባቱ ካለው ጋር በአንድ ውኃ የተሳሰረ መሆኑ ያን ጊዜ በግልጽ ይታያል።

ለ. ዳሩን በችካል ያመልክት። በየዓመቱ ጥር 11 ቀን ታቦታት ወደ ውኃ ሲወርዱ፣ በዚያው ዕለት የውኃው ዳር የደረሰበትን ስፍራ በችካል ምልክት አድርጎ ርቀቱን በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ማስፈር ወጪ የለውም። አሥር ዓመት ቢቀጥል ግን ማንም የማይክደው ምስክር ይሆናል። በዓሉ ሲፈጸም ፕላስቲክና ላስቲክ በዳርቻው እንዳይቀር የሚለቅም ቡድን ይመደብ።

ሐ. አዕዋፍን ይቍጠር። በየዓመቱ በጥር ወር አካባቢ በዓለም ዙሪያ የውኃ አዕዋፍ ቈጠራ ይደረጋል። በአገራችንም የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ይሳተፍበታል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሐይቃቸው ዳር ያዩትን በዓይነትና በቍጥር ለይተው ቢመዘግቡ መልካም ጅማሬ ነው።

መ. የመስኖ መሬቱን ይመርምር። አጥቢያው የሚያለማው ወይም የሚያከራየው የመስኖ መሬት ካለ ቦዩ ውኃ እንዳያሰርግ ይጠገን፤ በቀትር ፈንታ በማለዳና በማታ ይጠጣ። ለተከራይም ይህ በውሉ ይጻፍ።

ሠ. ከሰሉን ይጠይቅ። ከባቱ እስከ አርሲ ነገሌ በመንገዱ ዳር የሚደረደረው ከሰል በአመዛኙ የግራር ከሰል ነው። ግራሩ ሲቈረጥ አፈሩ ይላላል፤ በጎርፍም ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ቤተ ክርስቲያን ለጽና የምትጠቀመው ከሰል ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ጥቂትም ቢሆን ከየት እንደመጣ መጠየቅ ከእኛ ይጀምር። በዐፀዳችን ግራር፣ ወይራና ሾላ ይተከል፤ ያረጁት ታላላቅ ዛፎችም ለአዕዋፍ ማደሪያ ናቸውና በችኮላ አይቈረጡ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ያሉ አረጋውያን የሚያስታውሱት፣ ዛሬ ግን የማይታይ ወፍ፣ ዓሣ ወይም ምንጭ አለን? መቼ ጠፋ?
2. ከእኛ በታች ያለ አጥቢያ የሚጠብቀው ውኃ የትኛው ነው? ምን ያህሉ ይደርሰዋል?
3. ከላይ ከተዘረዘሩት አምስቱ ተግባራት በመጪው ጥር ልንጀምረው የምንችለው የትኛው ነው? ማን ይመራዋል?

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ የኃላፊው ስምና ቀኑ ተጠቅሶ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። የአብያታ ማዕድ የተነሣው ሁሉም ጥቂት በጥቂት ሲወስድ ነውና፣ የዝዋይም ጥበቃ ከየአጥቢያው ጥቂት በጥቂት ሊሰበሰብ ይችላል።