ለሞተር ብስክሌት መንገደኛ ስለሚገባው ልብስ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ልብሱን መምረጥ የሚገባው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። ይህም ትምህርት በሞተር ብስክሌት ርቆ የሚሄድ ሰው ምን ለብሶ መሄድ እንዳለበት ያስረዳል።

በቀድሞ ዘመን የዋግ ሰው ርቆ የሚሄደው በእግሩ ወይም በበቅሎ ነበር። በቅሎ በዝግታ ትሄዳለችና ጋቢ የደረበ ወይም በርኖስ የለበሰ ሰው ብርዱን ተከላክሎ በክብር ይደርስ ነበር። ዛሬ ግን ከሰቆጣ ወደ ኮረም ወይም ወደ ላሊበላ በሞተር ብስክሌት የሚሄድ ሰው አለ። ለበቅሎ የተስማማው ልብስ ለሞተር አይስማማም፤ ምክንያቱም ሁለት ነው።

ፊተኛው ምክንያት የልብሱ ልልነት ነው። የጋቢ ወይም የነጠላ ጫፍ በነፋስ ተነሥቶ ከኋላ ጎማ ወይም ከሰንሰለቱ የገባ እንደ ሆነ ለባሹን ጎትቶ ይጥለዋል። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. ኢሳዶራ ደንከን የተባለች ስመ ጥር ተወዛዋዥ በፈረንሳይ አገር በኒስ ከተማ በአውቶሞቢል ስትሄድ፥ የአንገትዋ ረጅም ሻሽ በጎማው ላይ ተጠምጥሞ ለሞት አበቃት። ስለዚህ ከሞተረኛው ኋላ የምትቀመጥ ሴት ነጠላዋን አጣጥፋ ከኮትዋ ውስጥ ትክተተው።

ሁለተኛው ምክንያት ፍጥነት ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ከግንብ ጋራ ቢጋጭ፥ ከ6 ሜትር ገደል እንደ መውደቅ ያህል ነው። በኮረት መንገድ ላይ ቢንሸራተትም ስስ የጥጥ ልብስ ወዲያው ይቀደዳል፤ ቀጥሎ የሚፋቀው የሰው ቆዳ ነው። እንግዲህ የሞተረኛ ልብስ የሚመረጠው ለማማር ሳይሆን ለመውደቅ ቀን ነው።

ገንዘቡ ሁሉን በአንድ ጊዜ ለመግዛት የማይበቃው ሰው በዚህ ተራ ይግዛ።

1ኛ፤ የራስ ቁር፥ በተለምዶ ሄልሜት የሚባለው። በ1935 ዓ.ም. እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ቲ. ኢ. ሎረንስ የተባለው ዝነኛ እንግሊዛዊ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ራሱን ተመታና በስድስተኛው ቀን ሞተ። ካስታመሙት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ የሞተረኞችን የራስ ጉዳት መርምሮ በ1941 ዓ.ም. የራስ ቁርን ጥቅም በጽሑፍ ገለጠ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት ሞተረኞቹ ሁሉ እንዲያደርጉት አዘዘ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርመራዎች የራስ ቁር የሞትን አደጋ ከመቶ 42፥ የራስን ጉዳት ከመቶ 69 ያህል እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ቁሩ ከራስ ጋራ የሚገጥም ይሁን፤ ጠፍሩም ከአገጭ በታች ይታሰር፤ ያልታሰረ ቁር ከሰውየው አስቀድሞ ይወድቃልና። ውስጡ ያለው አረፋ ግጭቱን የሚቀበለው በመጨፍለቅ ስለ ሆነ፥ አንድ ጊዜ በብርቱ የተመታ ቁር ዳግመኛ አያገለግልም።

2ኛ፤ የቆዳ ጓንት። የሚወድቅ ሰው አስቀድሞ እጁን ይዘረጋል። እጁ የተጎዳ ገበሬ ደግሞ ሞፈር መጨበጥ ይቸግረዋል።

3ኛ፤ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማ። ክፍት ጫማ አይበቃም። የጫማው ማሰሪያም ተንጠልጥሎ አይተው።

4ኛ፤ ከወፍራም ቆዳ ወይም ከጠንካራ ሸራ የተሰፋ፥ በክርንና በጉልበት ላይ መከታ ያለው ኮትና ሱሪ። ስስ ናይሎን በፍትጊያና በማርሚታ ግለት ቀልጦ ከገላ ጋራ ይጣበቃልና አይመረጥም።

ስለ ብርድና ስለ ሙቀትም ማሰብ ይገባል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ግን 1000 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ በዚህም አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ስለዚህ ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ የሚደረቡና የሚቀነሱ ስስ ልብሶች ከኮቱ ሥር መልበስ ይሻላል። በቆላው ሙቀት የውስጡ ይቀነስ እንጂ ኮቱ አይውለቅ። በክረምት የዝናብ ልብስ ከሁሉ በላይ ይደረብ፤ የእረኛ ገሳ በመስክ ለቆመ ሰው መልካም ቢሆንም በሞተር ላይ ነፋስ ይነጥቀዋል። ጥጥ ከራሰ የገላን ሙቀት ይወስዳል፤ የበግ ጠጉር ግን ርሶም ቢሆን ያሞቃል።

ይህ ሁሉ ሲባል ጋቢ ይናቅ ማለት አይደለም። ተጠቅልሎ ከጓዝ ጋራ ይታሰር፤ መንገደኛውም በደኅና ሲደርስ ይልበሰው። ተማሪም ይህን ትምህርት ለአባቱና ለወንድሙ ያንብብላቸው።

ጥያቄ።
1፤ ለበቅሎ የተስማማ ልብስ ለሞተር የማይስማማው ስለ ምን ነው?
2፤ ገንዘብ ያነሰው ሰው አስቀድሞ ምን ይግዛ? ስለ ምን?
3፤ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ የሚወርድ ሞተረኛ በሙቀት ጊዜ የትኛውን ልብስ ይቀንስ? የትኛውንስ አያውልቅ?