የሞዴል አውሮፕላን ማኅበራትና የመንግሥት ደንብ፤ ለነጋዴ የሚሆን ትምህርት

ደንብ ሁሉ ከመንግሥት ብቻ የሚወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ ማኅበር አባሎቹን በራሱ ደንብ አጽንቶ የያዘ እንደ ሆነ፥ መንግሥት ሥራውን ለማኅበሩ ትቶ ከሩቅ መመልከትን ይመርጣል። ማኅበሩ የማያውቃቸው ሰዎች የበዙ ጊዜ ግን መንግሥት ራሱ ይገባበታል። በአሜሪካ አገር የሞዴል አውሮፕላን አብራሪዎች የደረሰባቸው ነገር ይህን በግልጽ ያስረዳል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ሞዴል አውሮፕላን ሰው የማይሳፈርበት፥ ለመዝናኛ የሚሠራ ትንሽ አውሮፕላን ነው። ቀድሞ ገዢው ከሱቅ የሚያገኘው ባልሳ የሚባለውን ቀላል እንጨት፥ ወረቀት፥ ሙጫና ትንሽ ሞተር ሲሆን፥ ቈርጦ የሚያጣብቀው ራሱ ነበር። የብዙ ሳምንት ድካሙ በአንድ ስሕተት እንዳይሰበርበትም ወደ ማኅበር ሄዶ ከዐዋቂ ይማር ነበር። እነዚህን ማኅበራት የሚያስተባብረው የሞዴል አውሮፕላን አካዳሚ በ1936 ተቋቋመ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ዛሬ በኢንዲያና ግዛት በማንሲ ከተማ ይገኛል። አካሄዱ ከዕድር ጋራ ይመሳሰላል፤ አባሉ መዋጮ ይከፍላል፥ የጥንቃቄ ደንብ ይቀበላል፥ ሲያበር በሰው ወይም በንብረት ላይ ጉዳት ቢያደርስም በማኅበሩ በኩል የተገባው ኢንሹራንስ ይደርስለታል።

መንግሥትም ይህን ሥርዓት አይቶ ለብዙ ዘመን ከምክር አላለፈም። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ1981 ባወጣው ሰርኩላር፥ አብራሪዎች ከመሬት ከ400 ጫማ (120 ሜትር ገደማ) በላይ እንዳያበሩ፥ በአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብም ከሆኑ አስቀድመው እንዲያስታውቁ መከረ እንጂ አላስገደደም። በ2012 የወጣው ሕግ ደግሞ፥ በአገር አቀፍ ማኅበር የጥንቃቄ ደንብ መሠረት ለመዝናኛ ብቻ በሚበር ሞዴል ላይ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ደንብ እንዳያወጣ ከለከለ።

በዚሁ ጊዜ ገበያው ተለወጠ። ካሜራ የያዘችና በአየር ላይ ቀጥ ብላ መቆም የምትችል ድሮን ተሠርታ በካርቶን መሸጥ ጀመረች። ገዢው በገዛባት ቀን ያበራታል፤ መምህርም ማኅበርም አልፈለገም። በጃንዋሪ 2015 አንዲት እንዲህ ያለች ድሮን በዋይት ሃውስ ግቢ ወደቀች። በዚያው ዓመት በዲሴምበር፥ የሚያበረው ዕቃ ክብደት ከ250 ግራም በላይ የሆነ ሰው ሁሉ 5 ዶላር ከፍሎ እንዲመዘገብ ታዘዘ። ትእዛዙ ድሮኑን ከነባሩ ሞዴል አልለየም።

አንድ ሞዴል አብራሪ የ2012ን ሕግ ጠቅሶ ከሰሰ፤ በሜይ 2017ም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፈረደለት። ድሉ ግን ዓመት አልሞላም። በዲሴምበር 2017 ኮንግሬስ ምዝገባውን መለሰው፤ በኦክቶበር 2018ም የ2012ን ከለላ ሻረ። አሁን ለመዝናኛ የሚያበር ሁሉ የጥንቃቄ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ምዝገባ የሚያስፈልገው አውሮፕላንም ማንነቱንና ያለበትን ቦታ በሬዲዮ የሚያስታውቅ መሣሪያ እንዲይዝ ግዴታ ነው። ሆኖም የማኅበር ጥቅም ፈጽሞ አልጠፋም። ያለዚህ መሣሪያ የሚበርባቸው የተፈቀዱ ሜዳዎች አሉ፤ ሜዳውን ለማስፈቀድ የሚችሉት ግን በመሥሪያ ቤቱ የታወቁ ማኅበራትና የትምህርት ተቋማት ብቻ ናቸው።

ነጋዴ ከዚህ ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛው፥ በሕግ የተጻፈ ቍጥር የሸቀጡን መልክ የሚወስን መሆኑ ነው። ዲ ጄ አይ የተባለው የቻይና ኩባንያ በ2019 ያወጣት ትንሽ ድሮን 249 ግራም ትመዝን ነበር፤ ወሰኑ በዚያ ጊዜ 200 ግራም ለነበረው ለጃፓን ገበያ ደግሞ 199 ግራም የምትመዝን አዘጋጀ። በ2022 ጃፓን ወሰኑን ወደ 100 ግራም ብታወርደው፥ ያችው ድሮን ምዝገባ የሚያስፈልጋት ሆነች። ስለዚህ ዕቃ የሚያዝ ነጋዴ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጥበትን አገር ሕግ፥ ሊለወጥ የሚችል መሆኑንም ጭምር፥ ከማዘዙ በፊት መመርመር ይገባዋል።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። መምህር የሌለውን አዲስ ገዢ ከመንግሥትም ከማኅበሩም አስቀድሞ ያየው ባለሱቁ ነው። ዕቃውን ሲያስረክብ የጥንቃቄ ደንቡን ቢያስረዳው፥ ወደ ማኅበሩም ቢመራው፥ የሚደርሰው ጥፋት ሁሉ ባይቀር እንኳ በቀነሰ ነበር። ይህ ባለመደረጉ ኋላ የወጣው ደንብ ጥፋተኛውን ከንጹሑ አልለየም፤ ለዘመናት በጥንቃቄ ያበሩ ሽማግሌዎችም ከትናንት ገዢ ጋራ አብረው ተመዘገቡ። አዲስ ዕቃ ወደ ገበያ የሚያስገባ ነጋዴ ሁሉ ይህን ልብ ቢል፥ ለገዢውም ለራሱም ንግድ ይበጀዋል።