ለታላቋ ልጅ

እናትሽ ከልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ አባትሽ ከሌሊት ጥበቃ ሲመለሱ በር የምትከፍቺላቸው፣ ታናናሾችሽንም የምታበዪው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ምክሬን ለአንቺ ልጻፈው፣ ልጄ።

1. የቤታችሁ ችግር ከወላጆችሽ ስንፍና የመጣ እንዳይመስልሽ። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ደመወዛቸውን ግን ኪራይ፣ ጤፍና ዘይት በአንድ ቀን ይከፋፈሉታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል። ከዚያ በኋላ ግን የግል ድርጅት ሠራተኛ የደመወዝ ወለል ሳይወጣለት ዓመታት አለፉ። ይህ እኔን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

2. የዱቤ ደብተር ይዘሽ ሱቅ ስትላኪ አንገትሽን አትድፊ። በልጅነቴ እኔም ስላክ የክፍሌ ልጆች ገዝተው እስኪሄዱ ውጭ እጠብቅ ነበር። ባለሱቁ ዱቤ የሚሰጠው እናትሽ ደመወዝ ስትቀበል እንደምትከፍለው ስለሚያውቅ ነው። ሲጽፍ ቁጥሩን እዪ፤ ቤት ስትገቢም አንብቢላት። ከታዘዝሽው ውጪ ብስኩትም ቢሆን አታስጽፊ። “ያለፈውን ሳትከፍሉ አልሰጥም” ካለሽ ደግሞ አትለማመጪው፣ አታልቅሺም። መልእክቱን ለእናትሽ አድርሺ፤ የቀረው የትልቅ ሰው ጉዳይ ነው።

3. ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ምሳ ብዪ። በአዲስ አበባ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ይመገባሉ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

4. “ትምህርቴን ትቼ ሥራ ልግባና ላግዛቸው” የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል። ልብሽ ደግ ስለሆነ ነው፤ ግን አታድርጊው። ያው አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። 15 ሞልቶሽ 18 እስኪሞላሽ ድረስም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓትም ሆነ በሌሊት ማንም ሊያሠራሽ አይችልም። ደላላ ቀርቦ ስለ ዓረብ አገር ካወራሽ፣ “ለእናትሽ አትንገሪ” ማለቱ ብቻውን ይበቃሻል፤ በዚያው ሰዓት ንገሪያት።

5. ትምህርት ቤት መዋጮ ወይም ደብተር ሲጠይቅ ወረቀቱን አትደብቂ። እናትሽ እንዳትጨነቅ ብለሽ እስከ መጨረሻው ቀን ከያዝሽው ብሩ ለሌላ ነገር ይወጣል። በዕለቱ ከሰማች ግን ከደመወዟ ላይ ታስቀራለች፤ ካልሞላላትም መምህርሽን ሄዳ ጊዜ ትጠይቃለች።