ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ በጠባሳቸው የታወቁት የቀዶ ሕክምና ባለሙያ

«የመጀመሪያው ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ማን ነበሩ?» የሚለው ጥያቄ በየትምህርት ቤቱ የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ሳይነሣ አይቀርም፤ መልሱም «ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ» የሚል አጭር መልስ ነው። ስማቸውን የሚያውቅ ብዙ ነው። ነገር ግን እኒህ ሰው ምን ዓይነት ሕክምና እንደ ተማሩ፣ በዘመናቸው የነበረው ቀዶ ሕክምና ምን ይችልና ምን ይሳነው እንደ ነበር፣ ወደ ሀገራቸው ከተመለሱም በኋላ ስለቱን አስቀምጠው ወደ ሌላ ሥራ ለምን እንደ ዞሩ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን ከሙያቸው ጋር አያይዘን ለመመልከት እንሞክራለን። አንባቢ እንዳይደናገር በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ከመቅደላ ወደ ላሆር

ወርቅነህ እሸቴ በ1860ዎቹ አጋማሽ በጎንደር ተወለዱ። በሚያዝያ 1868 በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ይዞ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ ገና ሦስት ዓመት ያህል የሆናቸው ሕፃን ነበሩ። በዚያ ግርግር መካከል ከወላጆቻቸው ተለያዩ፤ ብቻቸውን ያገኟቸው የእንግሊዝ መኰንኖችም ወደ ሕንድ ይዘዋቸው ሄዱ። ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ ሀገር ተወስደው በ1879 በወጣትነታቸው በዚያው ያረፉት የልዑል ዓለማየሁ ታሪክ በሰፊው ይነገራል። ከዚያው ተራራ ወደ ምሥራቅ የተወሰደው የዚህ ሕፃን ታሪክ ግን ለረጅም ጊዜ ያን ያህል ተነጋሪ አላገኘም።

ሕፃኑን በመጀመሪያ የተረከቡት ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባሉ መኰንን ሲሆኑ፣ እሳቸው ከሞቱ በኋላ ኮሎኔል ማርቲን የተባሉ ሌላ መኰንን የትምህርቱን ወጪ ቻሉ። ልጁም የሁለቱን ስም አጣምሮ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በሚስዮን ትምህርት ቤት አደገ፤ አማርኛውን ረሳ፤ ወላጆቹ ያወጡለትን ስም እንኳ አያውቅም ነበር። የሚያውቀው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ብቻ ነው።

በ1882 ወርቅነህ ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ። ኮሌጁ ሜዮ ከተባለው ትልቅ ሆስፒታል ጋር የተያያዘ በመሆኑ ተማሪዎች ከመጽሐፍ ሌላ በየዕለቱ ከሕሙማን አልጋ አጠገብ ቆመው ይማሩ ነበር። በ1890 ገደማ ደግሞ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤዲንብራና በግላስጎ ተጨማሪ ትምህርት ተከታትለው የሐኪምነትና የቀዶ ሐኪምነት ፈቃድ አገኙ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በበርማ በሐኪምነት ተመደቡ።

ክሎሮፎርምና ካርቦሊክ አሲድ

ወርቅነህ የተማሩባቸው ሁለቱ የስኮትላንድ ከተሞች በቀዶ ሕክምና ታሪክ ውስጥ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በኤዲንብራ ጄምስ ሲምፕሰን በ1847 ክሎሮፎርምን ለማደንዘዣነት አዋለ። በግላስጎ ደግሞ ጆሴፍ ሊስተር በ1865 ጋሪ የሄደበትን የአንድ የ11 ዓመት ልጅ የተሰበረ እግር በካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ ሸፍኖ አዳነው።

የሁለተኛውን ክብደት ለመረዳት የተከፈተ ስብራት ምን እንደሆነ ማስታወስ ያሻል። የሀገራችን ወጌሻ አጥንቱ ቆዳውን ሳይበሳ የተሰበረን ክንድ ወይም እግር አቃንቶ፣ በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ደግፎ፣ አስሮ ያድናል፤ በዚህ ረገድ ችሎታው የሚናቅ አይደለም። አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ከወጣ ግን ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። ቁስሉ ያመረቅዛል፤ መርዙ በደም ይሠራጫል፤ ሕመምተኛውም ይሞታል። በአውሮፓም ቢሆን ከሊስተር በፊት የነበረው መላ እግሩን ቆርጦ መጣል ነበር፤ ከቆረጣውም በኋላ የሚሞተው ብዙ ነው። ሊስተር የራሱን መዝገብ እንዳወጣው፣ አዲሱን ዘዴ ከመጀመሩ በፊት እጃቸው ወይም እግራቸው ከተቆረጠ 35 ሕሙማን 16ቱ ሞተዋል፤ ከጀመረ በኋላ ግን ከ40ዎቹ የሞቱት 6 ናቸው። ከ100 ሲሰላ ከ45 ያህል ወደ 15 ወረደ ማለት ነው። ሊስተር ይህን ያደረገው መግልን የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው የሚለውን የፓስተርን ሐሳብ አምኖ እንጂ አዲስ የመቁረጫ ስልት ፈልስፎ አይደለም።

ክሎሮፎርም ግን ሌላ ጣጣ ነበረው። በፊት ላይ በተዘረጋ ጨርቅ ላይ ጠብታ በጠብታ እየተንጠባጠበ የሚሰጥ፣ ጠርሙሱም በኪስ የሚያዝ በመሆኑ እንደ ሕንድና በርማ ላለ ሩቅ የሥራ ቦታ እጅግ አመቺ ነበር። ሆኖም አልፎ አልፎ ጤነኛ የሚመስል ሰው ገና ማደንዘዣውን ማሽተት ሲጀምር በድንገት ይሞታል። ምክንያቱን ለማወቅ በ1888 እና በ1889 በሕንድ በሃይደራባድ ሁለት የምርመራ ጉባኤዎች ተቋቁመው በእንስሳት ላይ ሙከራ አደረጉ። ድምዳሜያቸው «ምንጊዜም ቀድሞ የሚቆመው ትንፋሽ ነው፤ ስለዚህ የሐኪሙ ዓይን ከትንፋሽ አይነቀል» የሚል ነበር። በሕንድ የሚሠሩ ሐኪሞች ብዙዎቹ ይህን እንደ ሕግ ያዙት። ጉባኤዎቹ ግን ተሳስተዋል። በ1911 ሌቪ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በቀላሉ በክሎሮፎርም የደነዘዘ እንስሳ አድሬናሊን ሲጨመርበት ልቡ ሥርዓት በሌለው መንቀጥቀጥ እንደሚቆም አሳየ። የፈራና የተጨነቀ ሰው ደግሞ አድሬናሊንን የሚያመነጨው ራሱ ነው። ገዳዩ ፍርሃትና ቀላል ማደንዘዣ ሲገናኙ መሆኑ ታወቀ። ከወርቅነህ ምረቃ እስከዚህ ግኝት ድረስ 29 ዓመታት አልፈዋል፤ የዘመኑ ቀዶ ሐኪም በእጁ የያዘውን መድኃኒት ጠባይ ግማሹን ሳያውቅ ይሠራ እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን።

ድንኳኑና ጠባሳው

በመጋቢት 1896 የአድዋ ድል ዜና በርማ ሲደርስ፣ ቻርልስ ማርቲን ስለ ትውልድ ሀገራቸው የነበራቸው ስሜት ተቀሰቀሰ። በ1899 በአዲስ አበባ ድንኳን ተክለው ሕሙማንን መቀበል ጀመሩ። ከተማይቱ ዘመናዊ ሕክምናን ጨርሳ አታውቅም ማለት አይቻልም፤ ከአድዋ በኋላ በ1896 የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን አክሟል። ሐኪሙ ግን ሐበሻ ሆኖ አማርኛ በአስተርጓሚ የሚናገር ሲሆን ሕዝቡ ምን ያህል እንደሚገረም መገመት አያዳግትም።

ወሬው ተዳርሶ ከዘመዶቻቸው ጆሮ ገባ። አያታቸው መጥተው በሰውነታቸው ላይ የነበረውን ጠባሳ አይተው «የጠፋው ልጃችን ይህ ነው» ብለው መሰከሩ፤ ወርቅነህ የሚለውንም ስም ያወቁት በዚያን ጊዜ ነው።

ይህን ክፍል ብዙዎች እንደ ተረት ያወሩታል። እኛ ግን በሳይንስ ዓይን እንየው፤ ከ30 ዓመት በላይ ያለፈው የሕፃንነት ጠባሳ ሰውን ለመለየት ያስችላልን? ያስችላል። ቆዳ በጥልቀት ሲቆስል ሰውነት የቀድሞውን ቆዳ መልሶ አይሠራም፤ ክፍተቱን ኮላጅን በተባለ የፕሮቲን ክር ይሞላዋል። በጤነኛ ቆዳ ውስጥ የኮላጅኑ ክሮች እንደ ቅርጫት ስፌት ሲጠላለፉ በጠባሳ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ተደርድረው ይተኛሉ። የፀጉር ሥርና የላብ ዕጢም የለውም። ስለዚህ ቆዳው ባለ መልኩ እንደ ተለየ ይኖራል፤ ልጅ ሲያድግም ጠባሳው አብሮ ይለጠጣል እንጂ አይጠፋም።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ጠባሳ የሞተ ነገር አለመሆኑ ነው። ኮላጅኑ ያለማቋረጥ እየፈረሰ እንደገና ይሠራል፤ ለዚህም ቫይታሚን ሲ የግድ ያስፈልጋል። በ1740ዎቹ የእንግሊዙ አንሰን ዓለምን በመርከብ ሲዞር፣ ቫይታሚኑን ባጡት መርከበኞች ላይ የታየው ይህንኑ ያረጋግጣል፤ ከ50 ዓመት በፊት በጦርነት ቆስሎ የዳነ አንድ ሰው የድሮ ቁስሎቹ እንደ አዲስ ተከፈቱበት። ወርቅነህን ለዘመዶቻቸው ያሳወቀው ምልክት ከጎንደር እስከ ላሆር፣ ከበርማ እስከ አዲስ አበባ ባለው ዘመን ሁሉ ሲፈርስና ሲታነጽ የኖረ ነበር።

ስለቱ ለምን ተቀመጠ?

ወርቅነህ ፈቃዳቸው ሲያልቅ ወደ በርማ ተመለሱ፤ ከ1908 ጀምሮ ደግሞ ለጥቂት ዓመታት በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ሠሩ። በ1919 ከበርማ አገልግሎታቸው በጡረታ ተሰናብተው ለዘለቄታው ሀገራቸው ገቡ። ከዚህ በኋላ የሠሩት ሥራ ሲታይ ሕክምናው እጅግ ጥቂቱ ነው። በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ በ1927 በጣና ሐይቅ ላይ ሊሠራ ስለታሰበው ግድብ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተላኩ፤ ከ1930 ጀምሮ ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ በአማርኛ የጂኦግራፊ መማሪያ መጽሐፍም ጻፉ።

አንዳንዶች ይህን እንደ ባከነ ሙያ ይቆጥሩታል። በእኛ አስተያየት ፍርዱ ችኩል ነው። የሊስተር ዘዴ ከቀዶ ሐኪሙ ሌላ የፈላ ውኃ፣ በእንፋሎት የተቀቀለ ጨርቅ፣ ማደንዘዣውን የሚያንጠባጥብ ሁለተኛ እጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቁስሉን የሚጠብቅ አስታማሚ፣ ከባሕር ማዶ ሳይቋረጥ የሚመጣ መድኃኒትና ይህን ሁሉ መዝግቦ የሚይዝ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ይፈልጋል። በላሆር እነዚህ ሁሉ ነበሩ። በዘመኑ ኢትዮጵያ ግን የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በ1910 ቢቋቋምም፣ ረዳት ሐኪምና አስታማሚ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አልነበረም። አንድ ቀዶ ሐኪም ቢበዛ በቀን ጥቂት ሰው ያክማል። ወርቅነህ ወደ ትምህርት ቤት ማዘንበላቸው የተማሩትን ከመርሳት የመጣ አይመስለንም።

ለንደን፣ ቆረምና የሰናፍጭ ጋዝ

በ1935 ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በመጸው ጣሊያን ጦርነቱን ከፈተ። በዚያው ዓመት ጆን ሜሊ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም የእንግሊዝ አምቡላንስ አገልግሎትን እየመራ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ኢትዮጵያዊው ቀዶ ሐኪም በለንደን ስለ ሀገራቸው ሲማጸኑ፣ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም በወሎ የኢትዮጵያን ቁስለኞች ያክም ነበር።

የሜሊ ቡድን የገጠመው ችግር በቀዶ ሕክምና የሚፈታ አልነበረም። የጣሊያን አውሮፕላኖች የሚረጩት የሰናፍጭ ጋዝ ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ዘይትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ከ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ስለሚረጋ በደጋ ቅዝቃዜ በሣርና በአፈር ላይ ቆይቶ ፀሐይ ሲሞቅ ይተናል፤ ባዶ እግሩን የሚሄደው ወታደራችን ይረግጠዋል። ሲነካ አያምም። ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፤ ውኃ ይቋጥራል፤ ዓይን ያብጣል፤ ሳንባ ይላጣል። ሞለኪዩሉ በሴሎች ውስጥ ካለው ዲ ኤን ኤ ጋር ተጣብቆ መባዛታቸውን ስለሚያግድ ቁስሉ ለመዳን ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ ማርከሻም የለውም። ሐኪሙ ማጠብና መሸፈን፣ ሕመሙን ማስታገስ ብቻ ነበር የሚችለው። የሴል መባዛትን የማገድ ይኸው ጠባይ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1940ዎቹ፣ የናይትሮጅን ሰናፍጭ የተባሉትን የመጀመሪያዎቹን የካንሰር መድኃኒቶች አስገኝቷል።

በመጋቢት 1936 የአምቡላንሱ ሰፈር የቀይ መስቀል ምልክት እያለው በቆረም አቅራቢያ በቦምብ ተደበደበ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ በተነሣው ዘረፋ፣ ግንቦት 3 ቀን 1936 ሜሊ በከተማው ቁስለኛ ሲያነሣ በጥይት ተመታ፤ የጣሊያን ጦር ከተማዋን በያዘበት ዕለት ግንቦት 5 ቀንም ሞተ። ገና 37 ወይም 38 ዓመቱ ነበር።

ሐኪም ወርቅነህም ከዚህ መከራ አልተረፉም። በእንግሊዝ ሀገር ምሕንድስና ተምረው የተመለሱት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ሲዋጉ ቆይተው፣ በ1937 በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ በተፈጸመው የበቀል ግድያ ተገደሉ። አባትየው መርዶውን የሰሙት በስደት ነው። ከነጻነት በኋላ ሀገራቸው ገብተው በአዲስ አበባ ኖሩ፤ በጥቅምት 1952ም ዐረፉ። በተወለዱባት በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1954 ሲሆን፣ የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረ ሰብ ነርሶችንና የጤና አጠባበቅ ሠራተኞችን በአንድነት ማሠልጠን ጀመረ።