የሕፃን አልጋ ስለ መሥራት፤ ፍቅር ልክ ያስፈልገዋል

በኦሪት ዘፀአት በሁለተኛው ምዕራፍ ስለ ሙሴ መወለድ የተጻፈውን ስናነብ፣ ዐሳባችን ብዙ ጊዜ በወንዙና በፈርዖን ልጅ ላይ ያርፋል። ነገር ግን ከወንዙ አስቀድሞ አንድ የእጅ ሥራ ነበረ። ያች እናት ልጅዋን ሦስት ወር ከሸሸገች በኋላ ከደንገል ሣጥን አዘጋጀችለት፤ ሣጥኑንም እንዲሁ ሰፍታ በውኃ ላይ አልጣለችውም፤ ውኃ እንዳያሰርግ ስንጥቁን ሁሉ ደፈነችው። ልጅዋን መውደድዋ ስፌቱን ከመድፈን አላሰናበታትም። እንዲያውም ፍቅርዋ በሥራ የታየው ስፌቱን በመድፈንዋ ነው።

ይህን ያነሣነው በዛሬው ትምህርታችን ስለ ሕፃን አልጋ ሥራ ለመናገር ስለ ወደድን ነው። ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፣ «ይህ የአናጢ ነገር ነው፤ ከመንፈሳዊ ትምህርት ጋር ምን ያገናኘዋል?» ይል ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። በዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ በ8ኛው ቍጥር፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዞአል፤ ያለ መከታ ትቶት ሰው ቢወድቅ ግን የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ ይሆናል። ሕጉ የወደቀውን ሰው አይወቅስም፤ ሠሪውን ይጠይቃል እንጂ። እንግዲህ ለራሱ መናገር የማይችል፣ ቢጠበብበት የማይገፋ፣ ቢያንቀው የማይጣራ ሕፃን የሚተኛበትን አልጋ የሚሠራ ሰው ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባው ይሆን?

በአገራችን ልማድ ሕፃን ሌሊት ከእናቱ ጐን ይተኛል፤ ቀን በአንቀልባ ይታዘላል። ስለዚህ ለሕፃን ለብቻው አልጋ መሥራት የባዕድ ልማድ የሚመስላቸው አሉ። የዛሬ የሕፃናት ሐኪሞች ግን የሚመክሩት እናትን ከልጅዋ መለየት አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ምክር፣ ሕፃኑ ቢያንስ እስከ ስድስት ወር ድረስ በወላጆቹ ክፍል ውስጥ፣ ነገር ግን በራሱ መኝታ ላይ እንዲተኛ ይላል። አልጋው ከእናቱ አልጋ አጠገብ ይቆማል፤ እጅዋም ይደርስበታል። የእናቱ ትንፋሽ ከሕፃኑ አይርቅም፤ የከበደ ብርድ ልብስና የደከመ ሰው ክንድ ግን ከላዩ ይርቃል።

ለልጁ በገዛ እጁ አልጋ መሥራት የሚወድ አባት መልካም ዐስቦአል። ቀድሞ በአገራችን የእጅ ባለሙያን መናቅና በሥራው መስደብ የተለመደ ነበር። ክርስቲያን ግን አረጋዊው ዮሴፍ ጸራቢ እንደ ነበረ፣ ጌታችንም በማርቆስ ወንጌል በስድስተኛው ምዕራፍ በዚሁ ሙያ እንደ ተጠራ እያነበበ መጋዝና መላጊያ የያዘን ሰው ሊንቅ አይችልም። ይሁን እንጂ መልካም ዐሳብ ብቻውን ሚስማር አይመታም። ስለዚህ ሥራውን በየተራው እንመልከት።

መጀመሪያው የእንጨቱ ነገር ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በጐኑ ይሸበሸባል፤ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይቀንስም። ስለዚህ በእርጥቡ የተገጠመ አልጋ ከወራት በኋላ መጋጠሚያው ይላላል፤ ዘንጎቹም በጕድጓዳቸው ውስጥ መሽከርከር ይጀምራሉ። የድሮ አናጢዎች በግምት እንደሚሉት፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ለመድረቅ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። እርግዝና ግን ዘጠኝ ወር ነው። ሚስቱ መፅነስዋን በሰማ ጊዜ ዛፍ የሚቈርጥ ሰው እንግዲህ ዘግይቶአል፤ አስቀድሞ የደረቀውን ሳንቃ ይግዛ።

ከዛፎቻችን ዋንዛ ለቤት ዕቃ የተመረጠ ነው፤ ለመላጊያ ይመቻል፤ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። ባሕር ዛፍ ለአጥርና ለቤት ቋሚ ይጠቅማል እንጂ ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ለሕፃን አልጋ አይመረጥም። የሳንቃውንም አመጣጥ መጠየቅ ተገቢ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቍረጥን ከልክሎ ነበር፤ ምክንያቱም እነዚህ ዛፎች ከምድራችን እየጠፉ ነው። በስርቆት በተገኘ እንጨት ለልጅ መኝታ መሥራት ለልጁ በረከት አይሆነውም።

ሁለተኛው የልኩ ነገር ነው። ኖኅ መርከብን እንዲሠራ በታዘዘ ጊዜ 300፣ 50፣ 30 ክንድ ተብሎ ልኩ ተነገረው፤ እንደ መሰለህ ሥራ አልተባለም። የሕፃን አልጋም ልክ አለው፤ ልኩም የተገኘው ከብዙ ኀዘን በኋላ ነው። የጐኑ ዘንጎች እርስ በርሳቸው ተራርቀው እንደ ሆነ፣ የሕፃኑ ሰውነት በእግሩ በኩል ሾልኮ ይወጣል፤ ራሱ ግን ከሰውነቱ ስለሚሰፋ ከመካከል ይያዛል፤ በዚያም ይታነቃል። ስለዚህ የአሜሪካ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ባወጣውና በ1974 ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ በዘንግና በዘንግ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። የአውሮፓውም ደንብ ከ4.5 እስከ 6.5 ሴንቲ ሜትር ይፈቅዳል።

አንባቢ በቀላሉ ሊከተለው የሚችል አንድ ስሌት እንስጥ። የአልጋው ውስጥ ርዝመት 133 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ዘንጎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑራቸው። በአንድ ጐን 17 ዘንግ ብናቆም 34 ሴንቲ ሜትር ይይዛሉ። የቀረው 99 ሴንቲ ሜትር ለ18 ክፍተቶች ሲከፈል ለእያንዳንዱ 5.5 ሴንቲ ሜትር ይደርሰዋል። ከስድስቱ የጐደለው ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንጨቱ ሲሸበሸብ እንዲያተርፈን የተተወ ነው። ዘንጎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ እንጂ አግድም አይሁኑ፤ አግድም የተደረገ ዘንግ ለቆመ ሕፃን መሰላል ይሆንለታልና። ከላይና ከታች በተቈፈረ ጕድጓድ ውስጥ ገብተው በኮላ ይያዙ እንጂ ከውጭ በሚስማር ብቻ አይለጠፉ፤ ሚስማር በጊዜ ብዛት ይላላል፤ ጐኑም አብሮት ይሄዳል።

የጐኑ ቁመት ደግሞ እንዲህ ነው፤ ርብራቡ በዝቅተኛው ቦታ ሲሆን ከርብራቡ እስከ ላይኛው ዳር ቢያንስ 66 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ልጁ እጁን ተመርኵዞ መቀመጥ በጀመረ ጊዜ ርብራቡን ዝቅ ማድረግ እንዲቻል ከመጀመሪያው ይታሰብበት። አንዱ ጐን ወደ ታች እየተንሸራተተ የሚከፈት አልጋ ለእናት ይመቻል ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲሠራ ነበር፤ ነገር ግን ማንሸራተቻው እየተሰበረ ሕፃናትን ስለ ገደለ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሰኔ 2011 ጀምሮ በአሜሪካ እንዳይሠራና እንዳይሸጥ ተከልክሎአል። አራቱም ጐኖች የማይነቃነቁ ይሁኑ።

የአራቱ ማእዘን ቋሚዎች ጫፍ ከዳሩ በላይ አይውጣ። አናጢ ሁሉ በቋሚው ራስ ላይ ጕልላት መቅረጽ ይወዳል፤ መልኩም ያምራል። ነገር ግን የልብስ ክር ወይም የአንገት ገመድ በዚያ ሲጠመድ ልጁ ይንጠለጠላል። የአሜሪካው ደንብ ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል በላይ እንዳይወጣ ያዝዛል። ይህ ነገር እኛን በተለይ ይመለከተናል፤ ልጆቻችን በ40 እና በ80 ቀን ሲጠመቁ በአንገታቸው ማተብ ይታሰርላቸዋልና። ማተብ የክርስትናችን ምልክት ነው፤ ልንተወው አንችልም። ነገር ግን ክሩ ቀጭንና ሲሳብ በቀላሉ የሚበጠስ እንዲሆን፣ ረዝሞም እንዳይንጠለጠል፣ በእንቅልፍም ጊዜ እንዴት እንደሚደረግ ወላጆች ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመካከሩ።

ሦስተኛው የፍራሹ ነገር ነው። ብዙ ሰው አልጋውን ሠርቶ ፍራሹን በኋላ ይፈልጋል፤ ሥርዓቱ ግን ተቃራኒው ነው። ፍራሹ አስቀድሞ ይገዛ፤ አልጋው በፍራሹ ልክ ይሠራ። በፍራሹና በጐኑ መካከል ሁለት ጣት ከገባ በኋላ ሌላ ቦታ የሚተርፍ ከሆነ ክፍተቱ ሰፊ ነው፤ የሕፃን ፊት ሊሸጐጥበት ይችላል። ፍራሹ ጠንካራና ዝርግ ይሁን። ትራስ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ በጥጥ የተሞላ የጐን መከለያም አይግባበት፤ እንዲህ ያለው መከለያ በአሜሪካ በ2022 በወጣ ሕግ ተከልክሎአል። ሕፃኑም በጀርባው ይተኛ። ይህ ምክር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1992 ጀምሮ በአሜሪካ ከተሰጠ፣ በ1994ም በሕዝብ ዘንድ ከተስፋፋ በኋላ በነበሩት ዐሥር ዓመታት ድንገተኛው የሕፃናት ሞት በግማሽ ያህል ቀንሶአል። አያቶች፣ «ብርድ ይመታዋል፤ ትራስ ያስፈልገዋል» ቢሉ ከፍቅር የተነሣ ነውና በትሕትና እንመልስላቸው እንጂ አንቈጣቸው።

አራተኛው የቅቡ ነገር ነው። ጥርስ የሚያበቅል ልጅ የአልጋውን ዳር ያኝካል። እርሳስ ያለበት ቀለም የልጅን አእምሮ ይጐዳል፤ ስለዚህም በአሜሪካ ለቤትና ለቤት ዕቃ እንዳይሆን በ1978 ተከልክሎአል። እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ከታሸ በኋላ ንጹሕ የተልባ ዘይት ቢቀባ ይበቃዋል። የተልባ ዘይት ግን ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ ሥራው ልጁ ከመወለዱ ከብዙ ሳምንታት በፊት ይፈጸም። ደግሞ ማስታወስ የሚገባ ነገር አለ፤ ዘይቱ የተቀባበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ያለ ክብሪት በራሱ ይሞቃል፤ ሊቃጠልም ይችላል። ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ወይም በውኃ ይነከር።

ከአልጋው ጋር የልብስ መሳቢያ የሚሠራም ሰው በግድግዳው ላይ በብረት ማሰሪያ ያስረው። ልጅ መሳቢያዎቹን ስቦ እንደ ደረጃ ይወጣባቸዋል፤ ያን ጊዜ ዕቃው በላዩ ይወድቃል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። አያት የሠራው፣ አባት የተኛበት አሮጌ አልጋ በቤት ውስጥ ቢኖርስ? በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችንም ወዳጅ ያገለገለበትን አልጋ በደስታ ይሰጣቸዋል፤ እምቢ ማለትም ስጦታን መናቅ ይመስላል። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ የአልጋው ክብር በውስጡ በሚተኛው ልጅ ይመዘናል። የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ በዘንጎቹ መካከል ቢያልፍ፣ ወይም ጐኑ ወደ ታች የሚንሸራተት ቢሆን፣ ወይም ቀለሙ የማይታወቅ አሮጌ ቢሆን፣ ሕፃን አይተኛበት። እንጨቱ ወንበር ወይም የመጻሕፍት መደርደሪያ ሊሆን ይችላል፤ የአያትም እጅ ሥራ በቤት ውስጥ እንደ ተከበረ ይኖራል። «እኛ በዚህ አድገን ምን ሆንን?» የሚለው ክርክር የዳኑትን ብቻ ይቈጥራል፤ ያልዳኑት ሊመሰክሩ አልቻሉምና።

በመጨረሻም ለካህናት አባቶቻችንና ለወንድሞቻችን አንድ ልመና እናቀርባለን። ሕፃን በተወለደበት ቤት ጠበል ለመርጨት የሚገባ ካህን ሐኪም የማያየውን ክፍል ያያል፤ ቃሉም ይሰማል። ጸሎቱ ከተፈጸመ በኋላ ወደ ሕፃኑ አልጋ ቀርቦ ጐኑን በእጁ ይነቅንቀው፤ ሁለት ጣቱን በፍራሹና በጐኑ መካከል ያግባ፤ ትራስ ቢያገኝ ያስወጣ፤ ለአባትየውም ምክንያቱን በእርጋታ ያስረዳው። የሚላላ ዘንግ ቢገኝ በዚያው ቀን ኮላና መዶሻ ይቅረብ፤ ሕፃኑም እስኪጠገን ድረስ በሌላ ጠንካራና ዝርግ መኝታ ላይ ይተኛ።